ባልቴቷ ነገር ትደግማለች

ጥቅምት 3

ልጄ፣

ቀጭኔ ከሆስፒታል ወጣች። ሰላምታውን ለኋላ ላቆየውና ከሷ ልጀምር፤ ደብዳቤህን ከላይ እስከ ታች ሳነበው እኔን አንዴ፣ ጎረቤታችንን ሦስቴ ነው የጠየቅከው። አልተቀየምኩም። ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ሄዷል፣ ጠቋሚዋና መሃለኛዋ። የቀሩት አሉ፣ ግን አይታዘዟትም። ሐኪሙ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ» ቢላት «የሄዱት ናቸው የሚመለሱት ወይስ ያሉት?» ብላ አሳቀችው አሉ። ቁመቷ ያው ነው፤ አሁንም በራችንን ስትገባ ታጎነብሳለች።

ባሏ ግንበኛው ሥራውን ትቶ እሷን ሲያስታምም ነው የሚውለው። ድስት ሲያሳርር እኛ ቤት ድረስ ይሸታል። ልጇ የስፌት ትምህርቷን አቋርጣለች። እናቷን የምታጥበው፣ ጸጉሯን የምታበጥረው እሷ ናት። አንተ ስትሄድ ደብተሯን ታቅፋ ትሮጥ የነበረችው ልጅ አሁን እናቷን «ቀና በይ፣ አትወዛወዢ» ብላ ስትቆጣ ብትሰማ ትስቃለህ።

«ለምን አትደውይም?» ብለሃል። ስልክ ላይ አላውቅበትማ። «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ብዬ ስዘጋው ነው የልቤ ሁሉ ትዝ የሚለኝ። ወረቀት ይታገሠኛል።

አደጋው እንዴት ደረሰ ላልከኝ፣ እኔ አላየሁም። ፋብሪካው ውስጥ የኔ ቦታ ጠርዝ ማጠፊያው ጋ ነው፣ ከግድግዳው ወዲህ። የሰማሁት ማሽኖቹ ሁሉ ባንዴ ዝም ሲሉ ነው። እዚያ ቤት ዝምታ ደግ ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።

እንግዲህ ባልቴቷን ታውቃታለህ። ያቺን ላሜራ እየመታች የድስት ክዳን የምታወጣውን ትልቋን ፕሬስ ባልቴቷ ያልናት ነገር ስለምትደግም ነው። ፔዳሏን አንዴ ረግጠህ አንዴ መምታት ሲገባት፣ ሲያሻት ሳትነካ ሁለተኛ ትወርዳለች። ለፎርማኑ ስንነግረው «አሮጊት ናት፣ ታገሷት» ይለን ነበር። ያን ቀንም ቀጭኔ የወጣውን ክዳን ልታነሳ እጇን ስትሰድ ባልቴቷ ደገመች።

አሁን ፋብሪካው ምን ይላል መሰለህ፣ «እግሯን ከፔዳሉ ላይ አላነሳችም፣ ጥፋቱ የራሷ ነው»። ተቆጣጣሪ ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መጣ። ባልቴቷን አስነስተው አሳዩት። አንዴ ሲረግጧት አንዴ መታች፣ እንደ ጨዋ ልጅ። ለምን አትመታ፣ መካኒኩ አደጋው በደረሰ ማግስት ሞላዋን ቀይሮላት። አሮጌው ሞላ የት አለ ሲባል «የቱ ሞላ?» አለ። እኛ ሴቶቹ ተናገርን። «ጓደኞቿ ናችሁ» ተባልን። በዚያ ላይ ተቆጣጣሪው «ካወቃችሁ ለምን ሠራችሁባት?» ሲለን ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ጥፋቱ የሷ ነው ብለው ከፈረዱ ከሥራ ትሰናበታለች፣ ሕክምናዋም እዚያው ላይ ይቆማል። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። ያኔ እረፍት መጥተህ ያንን ትንሽ መቅረጫህን ባልቴቷ አጠገብ አስቀምጠህ ከሰዓት ሙሉ ስትቀዳት አልነበር? ሴቶቹ «ይሄ ልጅ ፍቅር ይዞታል» እያሉ ሲስቁብህ? እሱን ላክልኝ። ስትደግም ይሰማ።

እናትህ

ጥቅምት 19

ልጄ፣

ባልቴቷን ቀድተህ የሠራኸው ዘፈን ደርሶናል፤ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ። የቀጭኔ ልጅ ስልክ ላይ ገባና፣ እሷም እናቷን ደግፋ አምጥታት በምሳ ሰዓት ማሸጊያው ጠረጴዛ ላይ ተከበን ሰማነው።

«ምን ተሰማሽ?» ብለሃል። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላሜራ ሲጎተት ስሰማ ሥራ የጀመረ መስሎኝ ተነስቼ ነበር። ከዚያ ባልቴቷ ገባች። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከስሯ እንደ ትልቅ ሆድ የሚያጉረመርም ነገር አለ፣ ከላይ ደግሞ የኛን ጠርዝ ማጠፊያ ነው መሰለኝ እንደ ፌንጣ ታስጮኸዋለህ። ማሸጊያ ያለችውን ወፍራሟን ታስታውሳት የለ? «ይሄን ጠዋት ሙሉ ሰምቼው ደግሞ በምሳዬ ልጨፍርበት?» ብላ ትነጫነጫለች፣ እግሯ ግን ወለሉን ይመታል። «ኧረ እግርሽን ያዢው» ብንላት «እሱ የራሱ ሰው ነው» አለችን። እንዲያው በገዛ ማሽናችን ትከሻችን ሲነቃነቅ ማየቱ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር ነበረው።

ያልሳቀችው ቀጭኔ ብቻ ናት። ልጇ ስልኩን ይዛላት አንገቷን ሰብራ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ይቺ ባልቴቷ አይደለችም፣ ኳኩለዋታል» አለች።

ያኔ ነቃሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አትደግምም። ልጇ መልእክትህን ስታነብልን «ሰው እንዲጨፍርበት አስተካክዬዋለሁ» ትላለህ። ልጄ፣ መካኒኩም እኮ አስተካክሏታል።

ይሄን ይዤ ተቆጣጣሪው ፊት ብቀርብ ለፋብሪካው መሰከርኩለት ማለት ነው። ጥሬውን ላክልኝ። ያልታጠበውን፣ ያልተበጠረውን። በዚያው መልእክትህ እየፈለግሁት ነው ብለሃል፤ ቶሎ ፈልገው፣ ዳግመኛ የሚሰበሰቡት በመጪው ወር መጀመሪያ ነው።

«ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኝ አታውቂም» ያልከኝ ነገር ከንክኖኛል። አፍሬ ነው። ሰው «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲለኝ «ዘፋኝ ነው» እላለሁ፣ «እስቲ ይዝፈንልን» ይሉኛል፣ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልቀጥል? አሁን ግን ጠይቄሃለሁ። ዘፈኑን ስታስተካክል ምን ነበር የምታደርገው?

እናትህ

ጥቅምት 30

እማዬ፣

እንዴት ነሽ? ይቅርታ። እየፈለግሁ ነው ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ጥሬው የለም። መቅረጫው ሲሞላብኝ አጠፋሁትና የሕንፃችንን ሊፍት ቀዳሁበት። ሊፍቱን እስከ ዛሬ አልተጠቀምኩበትም። እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ስላጣሁ ነው የዋሸሁሽ።

ለጠየቅሽኝ ልመልስልሽ። እዚህ ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚሰማን። አንደኞቹ ኢንዱስትሪያል የሚሉትን ሙዚቃ የሚወዱ ናቸው። ጥቁር ለብሰው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ። ብረቱ ብረት ሆኖ እንዲሰማቸው፣ ጆሯቸውን እንዲያማቸው ይፈልጋሉ። ፈገግ ማለትማ ነውር ነው። ሌሎቹ ሊጨፍሩ የሚመጡ ናቸው። እንግዳ ድምፅ አይጠሉም፣ እንዲያውም ያልሰሙትን ነው የሚፈልጉት፣ ግን እግራቸው የሚያርፍበት ቦታ ካላገኘ ይወጣሉ። እኔና ጓደኛዬ የምንሠራው በሁለቱ መሃል ነው፣ ፋብሪካ የሚያህል ድምፅ ሆኖ የሚያስጨፍር። ሁለቱም ወገን ግማሻችንን አይወድም።

ባልቴቷን መጀመሪያ ከነመድገሟ ነው ያጫወትናት፣ አንድ ባዶ መጋዘን ውስጥ። የቆሙት ወደዷት። የሚጨፍሩት ግን እሷ በደገመች ቁጥር እግራቸው ይጠለፋል፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ አንዷ ወደቀች። ጓደኛዬ «ይቺ ሁለተኛዋ ምት ሰው ታደናቅፋለች፣ አውጣት» አለኝ። ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ባንድ እየነካሁ አወጣኋት። ይኸው ነው እማዬ፣ በጣት የሚሠራ ነገር ነው።

ግን የመጀመሪያውን በካሴት አሳትመነው ነበር፣ የቆሙት ሰዎች ካሴት ይወዳሉ። አንድ አግኝቻለሁ፤ ከዚህ ጋር ተጠቅልሏል። እዚያ ላይ ትደግማለች። ደጋግማ ትደግማለች። ለቀጭኔ ስጪልኝ። ልጽፍላት ጀምሬ ከስሟ አላለፍኩም።

ልጅሽ

ኅዳር 14

ልጄ፣

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ አትጨነቅ። ካሴቱ ሳይሰበር ደርሷል።

«ተሰማላችሁ?» ብለሃል። ተሰማ። ማጫወቻ ያለው የበሩ ጥበቃ ብቻ ስለሆነ ያን አሮጌ ቴፑን ለመንነው፤ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረውን። ቢሮው ውስጥ ተቆጣጣሪው፣ ፎርማኑ፣ የፋብሪካው መሐንዲስ፣ ቀጭኔና እኔ ነበርን። ቀጭኔ ደህና ልብሷን ለብሳ፣ ልጇ ጸጉሯን ሠርታላት፣ እጇን ከጠረጴዛው ስር ደብቃ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሽሽሽ የሚል ነገር ብዙ ቆየ። ፎርማኑ «ይሄ ዘፈኑ ነው ወይስ ካሴቱ ተበላሽቷል?» አለ። ቀጥሎ ብረት ብረትን ሲፍቅ ተቆጣጣሪው መንጋጋውን ያዘ። ከዚያ መጣች። ዱም። ዱም። ዱም ዱብ። ቀጭኔ በግራ እጇ ጠረጴዛውን ቸብ አደረገችና «እሷ ናት» አለች። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን አነሳ። ዱም። ዱም ዱብ። ፎርማኑ ጆሮው ሥር ያልበው ጀመር።

መሐንዲሱ ነው «ይቅርታ፣ ወደ ኋላ መልሱልኝ» ያለው። መለሱለት። «አሁን በር ሲዘጋ ስሙ» አለ። ሰማን። በሩ ሁለቴ ተዘጋ። «ሴትየዋ ስትስቅም ስሙ።» የቀጭኔ ሳቅ ነው፣ ያን ቀን አንተ ላይ ስትስቅ የገባ። ሳቋም ደገመ። «ሙዚቀኛው ገደል ማሚቶ ጨምሮበታል። በዚህ ካሴት ማሽናችን ትደግማለች ካልን በራችንም ሁለቴ ይዘጋል ማለት ነው» አለ። ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ። ክፉ አይደለም፣ የሰማውን ነው የተናገረው። እኔ ራሴ በሩን ሰማሁት።

ፎርማኑ ያን ጊዜ ነው መሳቅ የቻለው። ቀጭኔ ግን «ሳቄ አምሮ የለ?» አለችኝ ቀስ ብላ፤ እኔን ልታጽናና እኮ ነው።

ተቆጣጣሪው አልዘጋውም። «ልጅሽ ይጻፍልኝ» አለ። ከሁለቱ ምት የትኛው የማሽኗ፣ የትኛው የሱ እንደሆነ ለይቶ፣ ፈርሞ ይላክ። አንተ ነህ የሠራኸው፣ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? ቀጭኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ በኛ በር ባለፈች ቁጥር «ጻፈ?» አትለኝም፣ ግን ቆም ትላለች። ቶሎ በል አባቴ።

እናትህ

ኅዳር 25

እማዬ፣

ሰላምታ እንኳን በአግባቡ መጻፍ አልቻልኩም፤ ይቅር በይኝ።

ካሴቱን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። አልለየውም።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ያኔ ስሠራው ባልቴቷ ስትደግም በመጀመሪያዋና በሁለተኛዋ መሃል ያለችውን ክፍተት ለካሁ። ገደል ማሚቶውን ልክ በዚያች ክፍተት አስገባሁት። አንዳንዱ ሁለተኛ ምት የሷ ነው፣ አንዳንዱ የኔ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለታችንም አለን። ሰው ማሽኗ የት እንዳበቃች፣ እኔ የት እንደጀመርኩ እንዳይለይ ነበር የለፋሁት። እጃቸውን ያጣጠፉት ሰዎች ሳይቀሩ ያደነቁት ይሄንን ነው። እኔም የኮራሁበት ይሄንን ነው። ጥሬው ቢኖር አስተያይቼ እለየው ነበር።

መደገሟንማ አውቃለሁ፤ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻታለሁ። ግን ልጅሽ ነኝ፣ «ጎረቤቶች ናችሁ» ይሉኛል። ካሴቱ ላይ ያለችው እሷ ናት ብዬ ልማል? ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ። እውነት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። አንቺ የምትይኝን አደርጋለሁ።

ሥራውን ትቻለሁ። ለጓደኛዬም ነግሬዋለሁ።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 17

ልጄ፣

ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም። የምጽፈው እንዳይከፋህ ስፈራ ቀናት ሄዱብኝ። አንተም በላይ በላዩ ጽፈህልኛል፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ።

ደብዳቤህን ወስጄ ለቀጭኔ አነበብኩላት። ፈርም ልበለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ እኔ ብሆን እልህ ነበር፣ ልደብቅህ አልችልም። እሷ ናት እንቢ ያለችው። «እስካሁን ዋሸሽ እያሉኝ ያለሁት እውነቴን ይዤ ነው። እሱ ዋሽቶልኝ እውነቴን ውሸት እንዳያደርግብኝ» አለች። ስለዚህ እንደጻፍከው ወስጄ ሰጠሁት፣ «አልለየውም» የሚለውን። ተቆጣጣሪው አንብቦ መነጽሩን አወለቀና «ልጅሽ ሐቀኛ ነው» አለኝ። በማግስቱ ጥፋቱ የራሷ ነው ብሎ ጻፈ።

«እኔን ትረግመኛለች?» ላልከው፣ አትረግምህም። ሥራህን መተውህን ስነግራት ግን ተቆጣች። «የኔ ጣት ላይመለስ እሱ ደግሞ ምን ሊሆን ይተዋል? አንዱ ቤት እንኳ ዘፈን ይኑር እንጂ» አለች። እኔ ተው አላልኩህም፣ ቀጥል ለማለትም አፍ የለኝም። አንተ ሁለተኛዋን ምት ስታወጣት ሰው እንዳይደናቀፍ ብለህ ነው። አውቃለሁ። ማወቄ ምን ይጠቅምሃል፣ እሱን ነው የማላውቀው።

አሁን ድምፅ እንዳንቀዳ በሩ ላይ ስልክ ይሰበስቡናል። ጥበቃው በቅርጫት እየተቀበለ «ታዝዤ ነው» ይላል፣ ቀና ብሎ አያየንም። ቴፑን ያዋሰን ጊዜ ተቆጥተውታል መሰለኝ።

ማን ማን እንደመጣ ጠይቀሃል። ቤታችን ሰው አልጠፋም፤ ከፍርዱ ወዲህ ቀጭኔ ማምሻዋን እኛ ጋ ነው የምትቀመጠው፣ ሰውም እየተከተላት ይመጣል።

ወፍራሟ መጥታ ነበር። ያንን የላክኸውን ዘፈን ልጆቿ አንስተውት ቤቷ ሌላ ነገር እንደማይሰማ ነገረችን። «አጥፉት እላቸዋለሁ፣ ሲያጠፉት ደግሞ ቤቱ ጭር ይልብኛል» አለች። ቀጭኔ ሳቀች።

ግንበኛው ሚስቱን ሊወስድ መጣና ቁጭ አለ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፣ ታውቀዋለህ። «ግንብ ቢጣመምብኝ አፍርሼ እሠራዋለሁ። የዚህን ምኑን ላፍርስ?» አለ። ሚስቱን ደግፎ አስነሳትና ሄዱ።

ፎርማኑ ራሱ መጣ፣ በእግሩ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። እነ ቀጭኔ ቤት ለመግባት ፈርቶ ነው እኛ ጋ ያንኳኳው። «ደስ የሚል ነገር ይዤ ነው፣ አንቺ ንገሪያቸው። ልጅቷን እንቀጥራታለን፣ በእናቷ ቦታ» አለኝ። «በእናቷ ቦታ ማለት የት?» አልኩት። «በቦታዋ ነዋ» አለ። «ባልቴቷ ላይ?» አልኩት። «ተስተካክላለች እኮ» አለና ባርኔጣውን አጠለቀ። አልነግርም ብዬ አንድ ቀን ዋልኩ። ቤታቸው ደግሞ የሚገባ ነገር የለም፣ ግንበኛው ሥራ አልጀመረም፣ ቀጭኔም አትሠራም። ነገርኩ። ቀጭኔ ግድግዳውን እያየች ልጇን «ፔዳሉን ስትረግጪ ተረከዝሽን አታሳርፊ» አለቻት።

ልጅቷ ገባች፤ ሳምንት ሆናት። ቀጭኔ በየቀኑ «ባልቴቷ እንዴት ዋለች?» ትላታለች፣ ስለ ሰው እንጂ ስለ ማሽን የጠየቀች አትመስልም። «ስረግጣት አንዴ ብቻ ነው የምትመታው» ትላታለች ልጅቷ።

ትናንት ከፈረቃ ወጥታ ወደ ቤቷ ሳትገባ መጀመሪያ እኛ ጋ መጣች። ውሃ ሰጠኋት፣ አልጠጣችውም። «እትዬ፣ ዛሬ ደገመች» አለችኝ። እጇን ያዝኩት፣ ሙሉ ነው። «እጄ ውጭ ነበር። ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። ለፎርማኑ ነገርሽው ወይ አልኳት። «ታገሻት አለኝ» አለች። በቃ ነገ አትግቢ፣ ለአባትሽ እኔ እነግረዋለሁ፣ ያለኝን ተካፍለን እንበላለን አልኳት። ብርጭቆውን መልሳ ሰጠችኝና ተነሳች። «እኔ ብለቅ እኮ ባልቴቷን የማታውቅ ልጅ ነው የሚያስቀምጡባት። እኔ እንኳን አውቃታለሁ» አለችኝ።